ከአውሮፕላን ሥር የሚሠሩ ሰዎች

ብዙዎቻችን አውሮፕላንን የምናውቀው በሰማይ ሲያልፍ ነው። አብራሪ እንዳለውም እናውቃለን። መሬት ላይ ሆነው ስለሚያገለግሉት ሠራተኞች ግን ብዙ አይወራም። አውሮፕላኑ አርፎ ሲቆም እነሱ ይደርሳሉ። ለጎማው ታኮ ያደርጋሉ። ዕቃ ያወርዳሉ፤ ይጭናሉ። ሁሉም ሥራ በጥድፊያ ነው። ቀጣዩ መንገደኛ ይጠብቃላ!

ከሁሉ የሚያስፈራው ሞተሩ ነው። የጄት ሞተር አየሩን በፊቱ ይስባል፤ በኋላው ይተፋል። ከኋላ የሚወጣው ነፋስ ሰው ገፍትሮ ይጥላል። የፊቱ ግን ይብሳል። ወፍጮ ቤት ስንገባ ቺንጋው ልብሳችንን እንዳይዝብን እንርቃለን። ቺንጋ ግን ካልነኩት አይዝም። የአውሮፕላን ሞተር ሳይነኩት ይወስዳል። አየሩ ሲሳብ ደግሞ በዓይን አይታይም።

በአሜሪካ አገር፣ በአላባማ ግዛት፣ ሞንትጎመሪ የምትባል ከተማ አለች። ታኅሣሥ 22 ቀን 2015 ዓ.ም. አንድ አውሮፕላን እዚያ አረፈ። በፈረንጆች አቆጣጠር የ2022 የመጨረሻው ቀን ነበር። አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ መብራት የምትሰጠው ትንሿ ሞተር ተበላሽታለች። ስለዚህ ከመሬት መብራት እስኪቀጠልለት አንዱ ትልቅ ሞተር እንደማይጠፋ ለሠራተኞቹ ሁለት ጊዜ ተነገራቸው። አንዲት ሠራተኛ ወደ ሞተሩ ተጠጋች። ባልደረባዋ እየጮኸ፣ በእጁም እያመለከተ ሊመልሳት ሞከረ። አልሆነም። ሞተሩ ስቧት ሞተች።

«ተነግሯት ለምን ሄደች?» የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ ጥፋቱን በሟች ላይ መጫን አንወድም። በሌላው ቀን አውሮፕላን ከቆመ ሞተሩ ይጠፋል። እግር የሚሄደው እንደለመደው ነው። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐልስ የሰው ድምፅ እንዴት ይለያል?

ለዚህ ነው ምልክቱ በዓይን የሚታይ እንዲሆን የተደረገው። በአውሮፕላኑ ጀርባና ሆድ ላይ ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ መብራት አለ። እሱ ሳይጠፋ ሠራተኛ ወደ ሞተሩ መጠጋት የለበትም።

ጩኸቱ ራሱም ይጎዳል። በጆሯችን ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ነገሮች አሉ። ከተበላሹ ተመልሰው አይበቅሉም። ጉዳቱ ቀስ እያለ ስለሚመጣ ሰውየው የሚያውቀው ልጆቹ «ሰማህ ወይ?» ማለት ሲጀምሩ ነው። ስለዚህ ጆሮን የሚሸፍን ነገር ይሰጣቸዋል።

ወገብም አለ። አንድ የመንገደኛ ሻንጣ ብዙ ጊዜ እስከ 23 ኪሎ ይፈቀዳል። መቶ ሻንጣ 23 ኩንታል ሆነ ማለት ነው። እኛ ኩንታል ስንሸከም ቀጥ ብለን እንቆማለን። የብዙ አውሮፕላኖች የዕቃ ክፍል ግን ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። ሠራተኛው በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ወገቡን አጣሞ ሻንጣ ይደረድራል። ያንን ጨርሶ ሲወጣ ሌላው አውሮፕላን አርፏል።