ወጥቶ በደህና የሚመለስ ሮኬት

እ.ኤ.አ. በ1985 የሪያድ ተወላጁ ልዑል ሱልጣን ቢን ሰልማን በዲስከቨሪ መንኮራኩር ተሳፍረው የመጀመሪያው ዐረብ ጠፈርተኛ ሆኑ። በዚያው በረራ፣ መቀመጫውን ሪያድ ያደረገው የዐረብሳት ድርጅት ሳተላይትም ምሕዋሯን ያዘች። በ2023 ደግሞ ራያና በርናዊና ዓሊ አልቀርኒ ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ አቀኑ። የሳዑዲ ተማሪዎችም ሙከራቸውን ከምድር ሆነው ተከታተሉ።

ሮኬቱ ግን ሁለቱንም ጊዜ የሰው ነበር። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይትም እንዲሁ።

ሮኬት የመሥራት ሙያ በብዙ አገር የሚጀመረው በዩኒቨርሲቲ ክበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ዩታ ግዛት የተጀመረውና ከ2017 ጀምሮ ለዓመታት በኒው ሜክሲኮ በረሃ የተካሄደው የተማሪዎች ውድድር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ተወዳዳሪዎች 4 ኪሎ ያህል ጭነት ይዘው 10 ሺህ ወይም 30 ሺህ ጫማ ይወጡ ነበር። 10 ሺሁ 3,048 ሜትር ነው። ከተባለው ከፍታ ያለፈም ነጥብ ይቀነስበታል፣ ያልደረሰም ይቀነስበታል። ሮኬቱ ሳይሰበር መውረድም አለበት።

ብዙ ሮኬት የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው።

በሮኬቱ ቱቦ መሐል ከፍታ ለኪ መሣሪያዎችና ባትሪዎቻቸው የተቀመጡበት ክፍል አለ። ግድግዳው ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይበሳሉ፤ በእነሱ በኩል የውስጡ አየር ከውጭው ጋር ይስተካከላል። ሮኬቱ ሲወጣ ግፊቱ ይቀንሳል። መቀነሱ ቆሞ መጨመር ሲጀምር መሣሪያው ሮኬቱ ጫፍ መድረሱን ያውቃል፤ ኤሌክትሪክ ልኮ ጥቂት ባሩድ ያቀጣጥላል፣ ቱቦው ለሁለት ይላቀቃል፣ ትንሹ ፓራሹት ይወጣል። ትልቁ የሚዘረጋው መሬት ሲቃረብ ነው፤ ከላይ ቢዘረጋ ነፋስ ሮኬቱን ብዙ ኪሎ ሜትር ያርቀዋል። ቀዳዳው ያለቦታው ከተበሳ ወይም ጠርዙ ካልለሰለሰ ንባቡ ይዛባል፣ ባሩዱም ያለጊዜው ይተኮሳል። አንዱ መሣሪያ ቢከሽፍም ሌላው እንዲሠራ በየራሳቸው ባትሪ የሚሠሩ ሁለት ከፍታ ለኪዎች ይገጠማሉ።

የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የኤሌክትሮኒክሱን አስፈላጊነት በከባድ ዋጋ ተምረውታል። እ.ኤ.አ. በ2018 የተኮሱት ሮኬት ኤሌክትሮኒክሱ በወጉ ሳይበራ በመነሳቱ ምን ያህል ከፍታ እንደደረሰ የሚያስረዳ መረጃ ሳይገኝ ቀረ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 የተኮሱት ግን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ወጥቶ የጠፈርን ደጃፍ ያለፈ የመጀመሪያው የተማሪ ሮኬት ሆነ። በ2024 የተከተለው 143 ኪሎ ሜትር ደርሷል።

ሪያድ የምህንድስና ትምህርት ቤቶችም፣ የጠፈር ኤጀንሲም፣ ዙሪያዋን ሰፊ በረሃም አላት። ያም ሆኖ በከተማዋ ሰሜን የንጉሥ ኻሊድ አውሮፕላን ማረፊያ ስላለ፣ 3 ኪሎ ሜትር የሚወጣ ሮኬት ሊተኩስ የሚያስብ ክበብ ከሞተሩ በፊት የአየር ክልል ፈቃዱን መጨረስ፣ መተኮሻውንም ከከተማው ርቆ መፈለግ ይኖርበታል።