ደረጃ የማይወጣላቸው መሪዎች

ሰኔ መጨረሻ ላይ በየትምህርት ቤቱ የሚከበረውን የወላጆች ቀን የማያውቅ የለም። ድንኳን ይተከላል፣ ሚኒ ሚዲያው ሙዚቃ ይለቃል፣ ርዕሰ መምህሩ ንግግር ያደርጋሉ። ከዚያ ስም ይጠራል። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡ ተማሪዎች ተራ በተራ እየወጡ መዝገበ ቃላት፣ ደብተርና የምስክር ወረቀት ይቀበላሉ። ይጨበጨባል፣ እልል ይባላል። ይገባቸዋልም፤ ሌሊቱን ሲያጠኑ ያነጉ ልጆች ናቸው።

እኔ የማነሳው የሌሎቹን ጉዳይ ነው። ድንኳኑን የተከሉት፣ መምህር የቀረ ቀን ክፍሉን ይዞ የዋለው አለቃ፣ የተጣሉ ጓደኞቿን ያስታረቀችው ልጅ፣ ስማቸው የሚጠራው መቼ ነው? “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” ብለን በየክፍሉ ግድግዳ እንጽፋለን፤ ሽልማቱን ግን ለአንዷ ክር ብቻ እንሰጣለን።

ነገሩን የማውቀው በተማርኩበት በሚዛን ተፈሪ ነው። ከሚዛን እስከ ቴፒ ባለው የቡና አገር፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከብዙው ገጠር ሩቅ ነው። ስምንተኛን የጨረሰ የገበሬ ልጅ ወደ ከተማ ይወጣና ከሁለት ሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ይከራያል። ዓርብ ከሰዓት በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እሑድ ማምሻውን ጎደሬውን፣ ቆጮውን ወይም የበቆሎ ዱቄቱን ተሸክሞ ይመለሳል። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ትንሽ መንግሥት አለ ማለት ይቻላል። ውኃ የሚቀዳ አለ፣ የሚያበስል አለ፣ የኪራዩን ብር የሚይዝ አለ። የአንዱ ስንቅ ሐሙስ ላይ ሲያልቅ የሌላው ይከፈላል። አንዱ ሲታመም ጤና ጣቢያ የሚወስደው ወላጁ ሳይሆን አብሮት የሚኖረው የ16 ዓመት ልጅ ነው። አንዱ ቤንች፣ አንዱ ሸኮ፣ አንዱ ካፊቾ፣ ሌላው አማራ ወይም ኦሮሞ ሊሆን ይችላል። ግጭት ባየ አካባቢ እነዚህ ልጆች በአንድ ድስት እየበሉ ዓመቱን ይጨርሳሉ። ይህ አመራርና የቡድን ሥራ ካልሆነ ታዲያ ምንድነው?

ቡና ሲደርስ ደግሞ ሌላ ፈተና ይመጣል። እንደ ቴፒና በበቃ ባለው ቆላማ ስፍራ ቡናው ትምህርት ሲከፈት መቅላት ይጀምራል፤ ወደ ደጋው ከፍ ሲባል ለቀማው እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ ይዘልቃል። የዓመቱ ገቢ በዚያ ላይ ነውና ቤተሰብ እጅ ይፈልጋል። የልጁ ወንበር ባዶ ይሆናል፤ ስም መጥሪያው ላይ “ቀሪ” ይባላል።

እኛ ክፍል አንድ ልጅ ነበር። ውጤቱ መካከለኛ ነው፤ ሲናገርም ድምፁ አይሰማም። ለለቀማ የቀሩትን ልጆች ስም በደብተሩ ጀርባ ጽፎ፣ የማን ማስታወሻ ለማን እንደሚደርስ ይደለድል ነበር። “አንተ ኬሚስትሪውን ያዝለት፣ አንቺ ሒሳቡን” ይላል። እሑድ እሑድ ደግሞ ይሰበስባቸውና ያለፋቸውን ያስረዷቸዋል። እሱ ከያዛቸው ልጆች ያቋረጠ አላስታውስም። በወላጆች ቀን ግን ስሙ አልተጠራም። ሮስተሩ ላይ ሃያ ስንተኛ ነበራ!

“ታዲያ ምን ይጠበስ? ትምህርት ቤት የዕውቀት ቦታ ነው፤ በዕውቀት ይሸለማል” የሚል ይኖራል። እስቲ ቁጥሩን እንየው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። መሻሻሉ ይበል የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ቁጥሩን ገልብጡት። በተሻለው ዓመት እንኳ ከመቶው ተፈታኝ ከ90 በላይ የሚሆነው የማለፊያ ነጥብ አላገኘም። አንዳንዱ በአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም ይገባል፤ ሌላው ወደ ቴክኒክና ሙያ፣ ወደ ባጃጅ፣ ወደ አባቱ የቡና ማሳ ይሄዳል። ደረጃን ብቻ የሚያውቅ ትምህርት ቤት ለዚህ ሁሉ ወጣት “12 ዓመት በከንቱ ተመላለስክ” ብሎ ነው የሚሸኘው። ነገ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ የዕድሩ ዳኛ፣ የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ገንዘብ ያዥ የሚሆነው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚሁ መሀል ነው።

ሌላው ደግሞ “የቡድን ሥራማ ሞክረነው ነበር፤ አንድ ለአምስት!” ይል ይሆናል። እውነት ነው። በእድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅዱ ዘመን ተማሪው ሁሉ በአንድ ለአምስት ተደራጅቶ ነበር። ደካማው ከጎበዙ እንዲማር መታሰቡ ክፋት አልነበረውም። ያበላሸው አሠራሩ ነው። ቡድኑ በትእዛዝ ይዋቀራል፤ መሪው በውጤቱ ይመረጣል፤ ከጥናቱ ይልቅ የሪፖርት ቅጹ ይከበራል። ፖለቲካውም ገባበት። እናም ትእዛዙ ሲላላ ቡድኑም ተበተነ። ያ ዝምተኛ ልጅ በደብተሩ ጀርባ የመሠረተው ቡድን ግን ማንም ሳያዝዘው ይሠራ ነበር።

የዚህ ዕድሜ ልጆች ትልቅ ኃላፊነት መሸከም እንደሚችሉ ታሪካችንም ይመሰክራል። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ከመምህራን ጋር ወደ ገጠር ወጥተዋል፤ ዘማቾቹ ባጠቃላይ 60 ሺሕ ገደማ ነበሩ። ዘመቻው ግዴታም ፖለቲካም ነበረበት፤ እሱን አላደንቅም። ፊደል ያስቆጠሩትና ገበሬውን በማኅበር ያደራጁት ወጣቶች ግን ከዛሬዎቹ ልጆች በዕድሜ አይበልጡም ነበር።

ከውጭ አገር አንድ ምሳሌ ልጨምር። በ1956 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በእንግሊዝ የተጀመረው የኤድንብራው መስፍን ሽልማት ከ14 እስከ 24 ዓመት ላሉ ወጣቶች የሚሰጥ ነው። ነሐስ፣ ብርና ወርቅ የሚባሉ እርከኖች አሉት። በጎ ፈቃድ አገልግሎት ይጠይቃል፤ በትንሽ ቡድን ሆኖ ድንኳንና ስንቅ ተሸክሞ መጓዝንም ይጠይቃል። እዚያ አንደኛና ሁለተኛ የሚባል ነገር የለም፤ የተጠየቀውን የፈጸመ ሁሉ ያገኘዋል። ስንቅ ተሸክሞ መጓዝ የሚያሸልም ከሆነ የእኛ ልጆች በየሳምንቱ ወርቅ በተገባቸው ነበር!

ታዲያ ምን እናድርግ? በጀት የሚጠይቅ ነገር የለውም። አንደኛ፣ ጥቆማው ከተማሪዎቹ ይምጣ። ማን ቡድኑን እንደያዘ መምህር ላያይ ይችላል፤ ጎኑ የተቀመጠው ግን ያውቃል። በብጣሽ ወረቀት “ዘንድሮ ማን ረዳህ? እንዴት?” ብሎ መጠየቅ በቂ ነው።

ሁለተኛ፣ ምስክር ወረቀቱ ሥራውን ይጥራ። “ላደረገው ንቁ ተሳትፎ” የሚለው ቃል ለማንም ይሰጣልና ለማንም አይሆንም። “በለቀማ ወራት ለቀሩ ስድስት ጓደኞቹ ትምህርቱን ያደረሰ” ቢባል ግን ወላጁ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል፤ ቀጣሪም ያነበዋል።

ሦስተኛ፣ ቡድን ሲሸለም ቡድኑ ሁሉ ይውጣ። ቡና ነጋዴ ጆንያውን የሚመዝነው በአንዲት ቀይ ፍሬ አይደለም፤ አረንጓዴው ከተቀላቀለበት የሁሉም ዋጋ ይወርዳል። አራቱ የአንድ ክፍል ተከራዮች አብረው መድረክ ላይ ቢቆሙ ምን ይጎዳል?

አራተኛ፣ ድምፀ ጎላዩን ብቻ አንይ። ማይክራፎን የያዘ ሁሉ መሪ አይደለም። ለጓደኞቿ የንጽሕና መጠበቂያ መግዣ ከሳንቲም ሳንቲም የምታጠራቅም፣ የቀረችውን ልጅ ቤቷ ድረስ ሄዳ የምትጠይቅ ተማሪ በየትምህርት ቤቱ አለች። የክበብ ሊቀመንበርነት ስለሌላት ብቻ ከዝርዝሩ አትውጣ።

ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ክልል ሆኖ የተመሠረተው በ2014 ዓ.ም. ነው፤ ገና ሰው የሚያፈራ ክልል ነው። ቡናው በማኅበር ይሸጣል፣ መንገዱ በመዋጮ ይጠገናል፣ ጸቡ በሽምግልና ይበርዳል። ይህን ሁሉ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። የማኅበሩን ካዝና ቁልፍ ነገ ለማን አደራ እንደምንሰጥ ዛሬ ማወቅ ከፈለግን፣ የአራት ልጆችን የኪራይ ብር ዓመቱን ሙሉ ሳያጎድል የያዘው የትኛው ተማሪ እንደሆነ እንጠይቅ።