የአባት ጠመንጃ ከበሬው ጋር አይካፈልም

በአዳማ፣ በሞጆና በባቱ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች አባት ሲሞት ሽማግሌዎች ተቀምጠው በሬውንና እህሉን ለልጆች ያካፍላሉ። ጠመንጃ ካለ ግን ጉዳዩ በሽምግልና ብቻ አይቋጭም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን፣ መሸጥን፣ ለሌላ ማስተላለፍንና ማምረትን ከልክሏል፤ ተቆጣጣሪውም የፌዴራል ፖሊስ ነው።

መሣሪያ መሥራት ለአገሩ እንግዳ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ መድፍ አሠርተዋል፤ ስሟን የወረሰው ፋብሪካም ቢሾፍቱ ይገኛል። ይሁን እንጂ ይህ የመንግሥት ፋብሪካ ነው፤ በመንደር ተቀጥቅጦ የሚሠራ ጠመንጃ ሕገ ወጥ ነው።

ስለሆነም የገበሬ ማኅበር መሪዎች ውርስ ሲከፈል ጠመንጃው ከነቁጥሩ ለፖሊስ እንዲቀርብ ማድረግ ይገባቸዋል። የአባት ፈቃድ ለልጅ ፈቃድ አይሆንም። በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ የዞረ መሣሪያ ሰው የገደለ እንደሆነ፣ ጥያቄው ተመልሶ ከሟቹ ደጃፍ ይደርሳል።