ስልኩ በ28 በመቶ ለምን ጠፋ?

በክረምቱ ማብቂያ ላይ ከየካ ክፍለ ከተማ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነሥተን የእንጦጦን ዳገት በእግራችን ወጣን። ጀምበር ልታዘቀዝቅ ስትል ከመካከላችን የአንዱ እግር ወለም አለው። መኪና ለማስጠራት ስንሞክር ቻርጅ የተረፈው በርካሽ የተገዛው አንድ ስልክ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ 28 በመቶ ያሳያል። ገና መጥራት እንደ ጀመረ ድርግም ብሎ ጠፋ። ጓደኛችንን ደግፈን በጨለማ ወረድን። ታች ደርሰን ስልኩን ብንከፍተው ቻርጅ ሳይደረግ ተነሣ፤ 27 በመቶም አለ። ኃይል ከነበረው ታዲያ ለምን ከዳን?

ነገሩ የሚጀምረው ከተራራው ነው። ስልክ በምን ያህል ኃይል እንደሚያሰራጭ የሚያዝዘው የአንቴናው ማማ ነው፤ ሞገዱ በደንብ ሲደርሰው «ዝቅ አድርግ»፣ ሲደክምበት «ከፍ አድርግ» ይለዋል። በእንጦጦ ሸለቆዎች ውስጥ በስልኩና በማማው መካከል ሸንተረር ይጋረጣል፤ ሞገዱም አፈሩንና ድንጋዩን ሰንጥቆ ማለፍ ስለማይችል በጫፉ ታጥፎ፣ ወይም ከሌላ ገደል ተንጸባርቆ፣ ተዳክሞ ይደርሳል። እርጥቡ የባሕር ዛፍ ቅጠልም ድርሻውን ይወስዳል። ስለዚህ ስልኩ መጮህ ግድ ይሆንበታል። በ4ጂ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.2 ዋት አያልፍም፤ የ4ጂው ሞገድ ጠፍቶ ወደ 2ጂ ሲመለስ ግን በ900 ሜጋኸርዝ እስከ 2 ዋት፣ ማለትም ዐሥር እጥፍ፣ ሊያወጣ ይችላል። ይህም በሰከንድ 217 ጊዜ ገደማ በሚደጋገሙ አጫጭር ምቶች ነው። ሬዲዮ አጠገብ የተቀመጠ ስልክ ሊጠራ ሲል የምንሰማው «ትር-ትር» የሚል ድምፅ ይኸው ነው።

እያንዳንዱ ምት ከባትሪው እስከ 2 አምፔር ሊስብ ይችላል። እዚህ ላይ የኦም ሕግ ይገባል። ማንኛውም ባትሪ ውስጣዊ ሬዚስታንስ ስላለው፣ ኤሌክትሪክ ሲፈስስ ከቮልቴጁ ከፊሉ እዚያው ውስጥ ይቀራል። የአዲሱ ባትሪ 0.1 ኦም፣ ያረጀው ወይም ጥራቱ የወረደው ደግሞ 0.3 ኦም ነው እንበል። ሥራ ሲፈቱ ሁለቱም 3.7 ቮልት ቢያሳዩ፣ በ2 አምፔር ምት ጊዜ የመጀመሪያው ወደ 3.5፣ ሁለተኛው ወደ 3.1 ቮልት ይወርዳል። ስልኩ ከ3.3 ቮልት በታች ራሱን የሚያጠፋ ከሆነ (ልኩ ከስልክ ስልክ ይለያያል) አሮጌው ባትሪ ያለው ይጠፋል። ምቱ ሲቆም ቮልቴጁ ይመለሳል፤ 27 በመቶው የመጣው ከዚህ ነው።

ብዙዎቻችን ጥፋቱን በብርዱ ላይ ጥለን ነበር። አየሩ በየ1,000 ሜትር ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ከ2,400 ሜትር ተነሥቶ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው የእንጦጦ የሥነ ፈለክ ምልከታ ማዕከል የሚወጣ ሰው ወደ 5 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት ያገኛል። ቅዝቃዜ በባትሪው ውስጥ ያለውን ኬሚካላዊ ሂደት ስለሚያዘገይ ሬዚስታንሱን ይጨምራል፤ ነገር ግን በእጅ ወይም በኪስ ለተያዘ ስልክ 5 ዲግሪ ዋናው ምክንያት አይመስለንም።

የበለጠ የሚያታልለው የመቶኛው ቁጥር ነው። ብዙ ርካሽ ስልኮች የገባውንና የወጣውን ኃይል አይቆጥሩም፤ ከቮልቴጁ ተነሥተው ይገምታሉ። የሊቲየም ባትሪ ቮልቴጅ ደግሞ በመካከለኛው ክፍል እምብዛም ስለማይለወጥ፣ ትንሽ ስሕተት ብዙ በመቶ ያዛባል።

ከዚያ ወዲህ ሞገድ በሌለበት ሸለቆ ስልካችንን ወደ አውሮፕላን ሁነታ እንለውጣለን፤ ያለዚያ ማማ ፍለጋ ባትሪውን ይጨርሰዋል። ለመደወልም ማማው ወደሚታይበት ሸንተረር እንወጣለን። የዚያ ስልክ ባትሪ ተለውጦ በኅዳር ወር እዚያው ቦታ ላይ ደወልንበት። መስመሩ ተቆራረጠ እንጂ ስልኩ አልጠፋም።