ሁሩታን በሌስ መፈለግ

ሌስ በሊነክስና በመሰል ሥርዓቶች ተርሚናል ላይ፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት፣ ረጅም ጽሑፍን ገጽ በገጽ የሚያሳይ ማንበቢያ ነው። ከቁልፎቹ ብዙዎቹን የወረሰው ቢል ጆይ እ.ኤ.አ. በ1976 ከሠራው ቪአይ ከተባለ የጽሑፍ ማዘጋጃ ሲሆን፣ በቪአይ አንድ ቁልፍ እንደየሁኔታው ወይ ፊደል ይጽፋል ወይ ትእዛዝ ይፈጽማል። በሌስ ጄ ወደ ታች፣ ኬ ወደ ላይ፣ ትልቁ ጂ ወደ መጨረሻው ይወስዳሉ፤ ኪው ያስወጣል። ጆይ በሠራበት ኤዲኤም-3ኤ ተርሚናል የአቅጣጫ ቀስቶቹ የታተሙት በጄና በኬ፣ በኤችና በኤል ቁልፎች ላይ ስለነበር፣ ምርጫው የዘፈቀደ አልነበረም።

የአማርኛ ተጠቃሚ ከሁሉ በላይ ሊያውቀው የሚገባው ግን በ/ ምልክት የሚጀመረውን ፍለጋ ነው። በአርሲ ዞን የምትገኘው ሁሩታ በአንድ ሰነድ ውስጥ እንደየጸሐፊው እጅ ሁሩታ፣ ሑሩታ ወይም ኁሩታ ተብላ ልትገኝ ትችላለች፤ ለጆሮ አንድ የሆኑት ሦስቱ ፊደላት በዩኒኮድ የተለያየ ቁጥር ስላላቸው፣ አንዱን የጻፈ ፈላጊ ሌሎቹን አያገኝም። በላቲን ፊደል ለሚጻፈው አፋን ኦሮሞ ትልቅና ትንሽ ፊደልን አንድ አድርጎ የሚፈልግ አማራጭ ሲኖር፣ ለአማርኛ ሞክሼ ፊደላት ግን እንዲህ ያለ አማራጭ የለም። መፍትሔው አማራጮቹን በማዕዘን ቅንፍ አስገብቶ /[ሁሑኁ]ሩታ ብሎ መጻፍ ነው፤ «ከተማ» እና «ከተሞች» በአንድ ጊዜ እንዲገኙም /ከተ[ማሞ] ይበቃል። ለዚህ የሥርዓቱ የቋንቋ ቅንብር ዩቲኤፍ-8 መሆን አለበት፤ ካልሆነ ፊደሉ ራሱ በቁጥር ቅንጥብጣቢ ተተክቶ ይታያል።

ይህን ሳይሞክሩ «ፋይሉ ውስጥ የለም» ብለው የሚደመድሙ ሰዎች ጥፋቱን በመሣሪያው ላይ መጣላቸው ተገቢ አይደለም፤ ረጅም ፋይልን ለማንበብ ብቻ በማዘጋጃ ከፍተው ሳያውቁት ፊደል የሚጨምሩበትም ከእነሱ አይሻሉም።

ፍለጋው በግዕዝ ፊደል ከተጻፈ በኋላ የቁልፍ ገበታው ወደ ላቲን መመለስ አለበት፤ አለዚያ ወደ ቀጣዩ ግኝት የሚወስደው ኤን «ን» ሆኖ ስለሚገባ ሌስ ትእዛዙን አይቀበለውም።