ከግንቡ ጀርባ

ሲያትል ውስጥ ባሕሩን ቁልቁል የሚያይ ቤት ሲሸጥ ገዢው መጀመሪያ የሚወጣው በረንዳው ላይ ነው። ከፊቱ ፑጀት ሳውንድ ተዘርግቷል፣ ከማዶ የኦሊምፒክ ተራሮች ይታያሉ፣ ዋጋውም የሚወደደው በዚህ እይታ ነው። ከተማዋ በአሜሪካ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው ቦታዎች አንዷ ስለሆነች፣ እንዲህ ያለ ቤት የሚያማርጥ ወገን ሲያማክረኝ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ከበረንዳው ውረድና ግቢውን የያዘውን ግንብ እይ። ከተቻለ ደግሞ ከግንቡ ጀርባ ምን እንዳለ ጠይቅ።

በግንባታ ሰዎች አፍ ሪቴይኒንግ ዎል የሚባለው ደጋፊ ግንብ ከአጥር ግንብ ጋር በመልክ ቢመሳሰልም ሥራው ሌላ ነው። አጥር የሚሸከመው ራሱን ነው። ደጋፊ ግንብ ግን ቁልቁለት ላይ ደልዳላ ቦታ ለማግኘት የተቆረጠ ወይም የተሞላ አፈር ቀንና ሌሊት ከጀርባው ይገፋዋል። ግፊቱም ከቁመቱ እየቀደመ ያድጋል። ግንቡ በእጥፍ ሲረዝም የሚገፋው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፣ ገልብጦ ሊጥለው የሚታገለው ጉልበት ደግሞ ስምንት እጥፍ። 1 ሜትር ግንብ አሳምሮ የሠራ ግንበኛ በዚያው ልምድ 3 ሜትር ልሥራ ሲል ሊከለከል የሚገባው ለዚህ ነው።

የሲያትልን ኮረብታዎች የሠራቸው በረዶ ነው። ከዛሬ 17,000 ዓመት ገደማ በፊት ከካናዳ በኩል የመጣ ግግር በረዶ ዛሬ ከተማዋ ያለችበትን መሬት 900 ሜትር ያህል ውፍረት ይዞ ሸፍኖት ነበር። በረዶው እየገፋ ሲመጣ ከፊቱ ሐይቅ ተጠራቀመ፤ በሐይቁ ወለል ላይ የረጋው ደቃቅ ጭቃ ዛሬ የሎውተን ሸክላ የሚባለው ግራጫ አፈር ነው። ከዚያ ከበረዶው የሚወጣው ጎርፍ የኤስፐራንስ አሸዋ የተባለውን ንብርብር አለበሰው። በመጨረሻም በረዶው በሁለቱም ላይ ተኝቶ ጠቀጠቃቸው።

የመሬቱ ችግር የሚጀምረው ከዚህ አቀማመጥ ነው። የዝናብ ውሃ አሸዋውን በቀላሉ ሰርጎ ይወርዳል፤ ሸክላው ላይ ሲደርስ ግን መውረጃ ያጣል። ስለዚህ ወደ ጎን ይሄድና በገደሉ ወገብ ላይ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። በከተማዋ መሬት በብዛት ሲንሸራተት የታየው አሸዋውና ሸክላው በሚገናኙበት በዚህ መስመር ዙሪያ ነው።

ሸክላው ራሱ ደግሞ ያዘናጋል። የአዲስ አበባን ዋልካ የሚያውቅ ሰው ሸክላ ሲባል ትዝ የሚለው ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር አፈር ነው። የሎውተን ሸክላ ጠባዩ ይለያል። በዚያ ሁሉ በረዶ የተጨመቀ ስለሆነ ጠጣር ነው፤ በደረቁ ወቅት፣ በጁላይ ወይም በኦገስት፣ ቀጥ አድርገው ቢቆርጡት ያለ ምንም ድጋፍ ቆሞ ይታያል። ነገር ግን ሸክሙ ሲነሳለትና ፊቱ ሲቆረጥ ውስጡ ያሉት ስንጥቆች ይከፈታሉ። ክረምት ሲመጣ ውሃ በስንጥቆቹ ይገባል፣ ግራና ቀኙም እየላላ ይሄዳል። በኦገስት ያልተነቃነቀው ያው ፊት በጃንዋሪ ሊናድ ይችላል፤ አንዳንዴም ዓመታት ቆይቶ። በበጋ ቆሞ ያዩትን ቁራጭ አምኖ ግንቡን ማሳነስ በዚህ አፈር ላይ ትልቅ አደጋ ነው።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው በቁፋሮ ነው። የአፈር መሐንዲሱ ትንሽ መሰርሰሪያ ማሽን ግቢው ውስጥ ያስተክላል። 63.5 ኪሎ የሚመዝን መዶሻ ከ76 ሳንቲሜትር ከፍታ እየተለቀቀ ቧንቧ የመሰለውን ናሙና ማውጫ ወደ ታች ይመታል፤ 30 ሳንቲሜትር ለመግባት ስንት ምት እንደፈጀ እየተቆጠረ ይመዘገባል። በእነዚህ ገደሎች ላይ የመጀመሪያዎቹ ሜትሮች ብዙ ጊዜ በ4 ወይም በ5 ምት ያልፋሉ። ቧንቧው ሲከፈት የሚታየው ሥርና አሸዋ የተቀላቀለበት ቡናማ አፈር ነው፤ ድሮ ከላይ ተንሸራቶ የተከመረ ማለት ነው። ጥቂት ዝቅ ሲባል ናሙናው ይረጥባል። ከዚያ ምቱ በአንድ ጊዜ ወደ 30 እና 40 ይዘልላል፣ ቧንቧው ውስጥም ስስ ንብርብር ያለው፣ ቢላዋ ሲያልፍበት የሚያብለጨልጭ ግራጫ ሸክላ ይገኛል። መሐንዲሱ ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ምቱ የዘለለበትን ጥልቀት ነው። የግንቡ እግር ከዚያ በታች ካልገባ፣ ግንቡ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን የላላው አፈር ከእነ ግንቡ ተያይዞ ሊወርድ ይችላል።

የግንቡ ዓይነት የሚመረጠውም በዚህ ነው። በየመንደሩ የሚታየው ትልልቅ ድንጋይ እየተደረደረ የሚሠራው ካብ፣ በከተማዋ አጠራር ሮከሪ፣ ጠጣር ሆኖ በራሱ የሚቆምን መሬት ከዝናብ መሸርሸር ለመጠበቅ ጥሩ ነው፤ የላላ አፈር ለመያዝ ግን አልተፈጠረም። ብሎኬት እየተደረደረ በየመሃሉ የፕላስቲክ መረብ ወደ አፈሩ የሚዘረጋበት ግንብ ደልደል ባለ ቦታ ላይ ርካሽና አስተማማኝ ነው። ሆኖም መረቡ ከግንቡ ቁመት ከግማሽ በላይ ወደ ኋላ መግባት ስላለበት፣ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ላይ እሱን ለመዘርጋት የሚቆረጠው አፈር ራሱ ገደሉን ሊንደው ይችላል። በገደሉ ጫፍ መሐንዲሶች ብዙ ጊዜ የሚመርጡት ሶልጀር ፓይል የሚባለውን ነው። ጠባብ ጉድጓድ በጥልቀት ይቦረቦራል፣ የብረት ምሰሶ ይወርድበታል፣ ኮንክሪት ይሞላበታል። ምሰሶዎቹ በ2 ሜትር አካባቢ ልዩነት ከቆሙ በኋላ አፈሩ ከላይ ወደ ታች በጥቂት በጥቂቱ እየተቆረጠ በመካከላቸው ወፍራም ጣውላ ይገባል። ከመሬት በታች የሚቀረው ምሰሶ ብዙ ጊዜ ከሚታየው ይረዝማል። ዋጋው ያስደነግጣል፤ የሚከፈለው ግን በአብዛኛው ለማይታየው ክፍል ነው።

ከሁሉ በላይ መታየት ያለበት ውሃው ነው። ውሃው የሚወጣለት የ2 ሜትር ግንብ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመቱ ላይ 1.2 ቶን ያህል ግፊት ይሸከማል እንበል። ያው ግንብ ከጀርባው ውሃ እስከ አናቱ ቢጠራቀምበት ግፊቱ ከ2.5 ቶን ያልፋል። አፈሩ ያው ነው፣ ግንቡም ያው ነው። በዚህ ምክንያት ከግንቡ ጀርባ ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው የታጠበ ጠጠር ከታች እስከ ላይ ይሞላል። ደቃቁ ሸክላ ገብቶ እንዳይደፍነው ጠጠሩ በጂኦቴክስታይል ጨርቅ ይጠቀለላል። እግሩ ሥር ደግሞ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው 10 ሳንቲሜትር ቧንቧ ወደ መውጫው ዘንበል ብሎ ይቀመጣል። ተቆፍሮ የወጣውን ሸክላ መልሶ ከግንቡ ጀርባ መሙላት ለጠጠር መጫኛ የሚወጣውን ገንዘብ ያድናል፤ ነገር ግን ውሃውን እዚያው የሚያግደው እሱው ነው።

ቧንቧው የሰበሰበው ውሃ የት ይደርሳል የሚለው ጥያቄ ደግሞ የግንቡን ያህል ይመዝናል። የጣሪያ አሸንዳና የግቢ ፍሳሽ ገደሉ አናት ላይ ከተለቀቁ ግንቡ የቆመበትን መሬት ከሥሩ ያረጥባሉ። ውሃው መገጣጠሚያው በማያፈስ ድፍን ቧንቧ እስከ ገደሉ እግር መውረድ አለበት። ከተማዋ ከ1890 ጀምሮ የተመዘገቡትን የመሬት መንሸራተቶች አስጠንታ በ2000 ባወጣችው ጥናት፣ ከ80 በመቶ በላይ በሚሆኑት ላይ የሰው እጅ አለበት ተብሏል፦ የተሳሳተ ፍሳሽ፣ የተሰበረ ቧንቧ፣ ያለ አግባብ የተቆረጠ ወይም የተሞላ አፈር። ይህ ቁጥር ያሳዝናል፤ ግን ባለቤቱ ሊያደርገው የሚችለው ብዙ ነገር እንዳለም ይናገራል።

ዝናቡ መቼ እንደሚያሰጋ ለማወቅ የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ለሲያትል ያወጣው መለኪያ አለ። ያለፉት 3 ቀናት ዝናብና ከዚያ በፊት የነበሩት 15 ቀናት ዝናብ አብረው ይታያሉ። ቀደም ያሉት ቀናት ደረቅ ከነበሩ መሬት ለመንሸራተት በ3 ቀን 89 ሚሊሜትር ያህል ዝናብ ያስፈልጋል፤ 76 ሚሊሜትር ዘንቦባቸው ከሆነ ግን 38 ሚሊሜትር ይበቃል። በ1996 መጨረሻ በረዶ ጥሎ ዝናብ ሲከተለው ማግኖሊያ ሰፈር፣ ፐርኪንስ ሌን ላይ ቤቶች ፈረሱ። ጃንዋሪ 19 ቀን 1997 ደግሞ ከባሕሩ ማዶ በቤይንብሪጅ ደሴት ገደል ተንዶ እናት፣ አባትና ሁለት ልጆች ቤታቸው ውስጥ ሞቱ።

ባሕሩም ከታች የራሱን ይሠራል፤ ማዕበሉ የገደሉን እግር እየበላ ዳገቱን ቀጥ ያደርገዋል። ብዙ ባለቤቶች ዳርቻው ላይ የኮንክሪት መከላከያ መሥራት ያምራቸዋል። ሆኖም የባሕሩን ዳር አሸዋ የሚመግበው ከገደሉ የሚናደው አፈር ነው፤ ትናንሽ ዓሦች እንቁላላቸውን የሚጥሉትም እዚያው አሸዋ ላይ ነው። ስለዚህ የዋሽንግተን ስቴት ፈቃዱን ጠበቅ አድርጎ ይዞታል። ትክክል ነው እላለሁ፤ የአንድ ግቢ መከላከያ የጎረቤቱን ዳርቻ ያራቁታልና።

ገንዘብና ወረቀትን በተመለከተ፣ ከመሠረቱ ግርጌ እስከ አናቱ ከ1.2 ሜትር በላይ የሆነ ግንብ ፈቃድ ይፈልጋል። አጭር ሆኖም ከበላዩ መኪና መቆሚያ ወይም ሌላ ሸክም ካለበት እንደዚሁ ነው፤ ቀጥ ባለ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ቁጥጥሩ ይጠብቃል። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ የመሬት መንሸራተትን አይሸፍንም። በመሆኑም ቤቱን ከመግዛት በፊት ለአፈር መሐንዲስ የሚከፈለው ገንዘብ ብዙ አይደለም። ገዢው ራሱም ግንቡ መሃሉ ላይ አብጦ እንደሆነ፣ ሣሩ ላይ ከገደሉ ጫፍ ጋር ትይዩ የሄደ ስንጥቅ እንዳለ፣ የውሃ ማስወጫ ቀዳዳዎቹ ደርቀው በጎናቸው መገጣጠሚያው እያነባ እንደሆነ ይይ። ሻጩንም የቧንቧውን መስመር የሚያሳይ ፕላን ይጠይቅ፤ ቧንቧው በየዓመቱ ዝናቡ ሳይገባ መታጠብ አለበትና ማጠቢያ አፉ የት እንደሆነ ማወቅ ግድ ይላል።