ቤት መግዛትና ሰፈር መመሥረት

ሰፈር የሚለው ቃል «ሰፈረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። የቀድሞ ትርጉሙም ከመንገድ የመጣ ሠራዊት ድንኳን ተክሎ ያረፈበት ቦታ ማለት ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ የሰፋችው በዚሁ ዐይነት ነበር። መኳንንቱ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ በየተሰጣቸው ቦታ ሰፈሩ፤ አሽከሮቻቸውና ወታደሮቻቸውም በጌቶቻቸው ግቢ አጠገብ ጎጆ ቀለሱ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ካሣ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚባሉት ስሞች የዚያ ዘመን ትዝታ ናቸው። በእነዚህ ሰፈሮች አስቀድሞ የመጣው ሰው ነው። ከሰው በኋላ ቤት፣ ከቤት በኋላ መንገድ፣ ከመንገድ በኋላ ውሃና መብራት ተከተለ።

በፕላን የሚሠራ አዲስ የመኖሪያ ሰፈር ግን ሥርዐቱ የተገላቢጦሽ ነው። በመጀመሪያ መሐንዲሶች መሬቱን ለክተው ካርታ ያነሣሉ፤ መንገዱ በየት እንደሚያልፍ፣ የፍሳሹ ቧንቧ በየት እንደሚወርድ፣ ትምህርት ቤቱና ገበያው በየትኛው ቦታ እንደሚቆሙ በወረቀት ላይ ይወሰናል። ከዚያም ሕንፃው ይሠራል። ሰው የሚመጣው ከሁሉም በኋላ ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ሰፈር ቤት የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የታሰበለትን ኑሮ ይገዛል ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ በወረቀት የታሰበው ሁሉ በመሬት ላይ ላይገኝ ስለሚችል፣ ገዢው የሚገዛው ነገር ምን እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል።

የዚህን ጉዳይ ክብደት ለመረዳት የአዲስ አበባን የቤት ታሪክ በአጭሩ መመልከት ይጠቅማል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት ሆነ። አንድ ቤተ ሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደነገገ። ኪራያቸው ዝቅተኛ የሆነው ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩ ለድኻው የሚቻል ነበር፤ ነገር ግን ከዚያ የሚሰበሰበው ገንዘብ ቤቱን ለማደስ የሚበቃ አልነበረም። ከእንጨትና ከጭቃ የተሠሩት ቤቶች እያረጁ ሄዱ። የከተማው ሕዝብ በየዓመቱ ሲበዛ፣ አዲስ የሚሠራው ቤት ቍጥር ከዚያ ጋር ሊመጣጠን አልቻለም። ብዙ ቤተ ሰብ በአንዲት ክፍል ውስጥ ተጨናንቆ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር አንድ መጸዳጃ ቤት እየተጋራ መኖር ግድ ሆነበት።

ይህን ችግር ለማቃለል ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በብዛት መሠራት ጀመሩ። ሕዝቡ በተለምዶ ኮንዶሚኒየም ይላቸዋል። ጀሞ፣ ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ እየተባሉ የሚጠሩት ታላላቅ ሰፈሮች በዚህ መንገድ የተመሠረቱ ናቸው። ሕንፃዎቹ በብረትና በኮንክሪት ዐምድ የቆሙ፣ ግድግዳቸው በብሎኬት የተሠራ ሲሆን፣ በቀድሞው ጊዜ ከተሠሩት ብዙዎቹ አራት ፎቅ ያላቸውና አሳንሰር የሌላቸው ናቸው። ቤቶቹም ባለ አንድ ክፍል ስቱዲዮ፣ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት መኝታ ቤት ተብለው ይለያሉ።

ቤት ፈላጊው ይመዘገባል፤ በባንክ ይቈጥባል፤ ቤቱ ተሠርቶ ሲያልቅም ባለቤቱ በዕጣ ይለያል። በ2005 ዓ.ም. በተካሄደው ምዝገባ የቍጠባው ሥርዐት በገቢ መጠን ተከፋፈለ። 10 በ90 የሚባለው ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የታሰበ ሲሆን፣ ተመዝጋቢው ከዋጋው 10 በመቶውን ቈጥቦ የቀረውን 90 በመቶ በብድር ይከፍላል። 20 በ80 እና 40 በ60 የሚባሉትም በዚሁ አኳኋን ይተረጐማሉ። ከሚተላለፉት ቤቶች 30 በመቶው በቅድሚያ ለሴቶች ዕጣ ይወጣበታል። ይህም በገዛ ስሟ ቤት ይኖረኛል ብላ አስባ ለማታውቅ ብዙ ሴት በር የከፈተ ደንብ ነው።

እንግዲህ ዕጣው የወጣለት ሰው የሚገዛው ምንድን ነው? በመጀመሪያ፣ መሬት አይገዛም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ንብረት መሆኑንና እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ ይደነግጋል። የሚሸጠው በመሬቱ ላይ የቆመው ቤት ነው። ቤቱም ቢሆን በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ገዢው በቍልፍ የሚዘጋው፣ ለብቻው የሚያዝበት ክፍል ነው። ሁለተኛው ከሌሎች ነዋሪዎች ጋር በአንድነት የሚይዘው የጋራ መጠቀሚያ ነው። ጣራው፣ ደረጃው፣ መተላለፊያው፣ የሕንፃው መሠረትና ዐምድ፣ የውሃና የፍሳሽ ዋና ቧንቧ፣ ግቢው ሁሉ ከዚህ ይመደባሉ። ስለ ጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት የወጣው አዋጅ ቁጥር 370/1995 ይህን ልዩነት በግልጽ ያስቀምጣል። የቤቶቹ ባለቤቶች ማኅበር እንዲያቋቁሙ፣ በመተዳደሪያ ደንብ እንዲመሩና ለጋራው ክፍል የሚወጣውን ወጪ በየድርሻቸው እንዲያዋጡም ያዝዛል።

ይህ በቃል ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ በኑሮ ግን ከባድ ትርጉም አለው። በቀድሞው ሰፈር አንድ ሰው የቤቱ ጣራ ቢያፈስ ቆርቆሮውን የሚለውጠው እርሱ ራሱ ነው፤ ባይለውጠውም የሚበሰብሰው እርሱ ብቻ ነው። በጋራ ሕንፃ ግን ጣራው ሲያፈስ ዝናቡ አስቀድሞ የሚገባው በላይኛው ፎቅ ነዋሪ ቤት ነው፤ የምድር ቤቱ ነዋሪ ጣራ መኖሩንም ላያስታውስ ይችላል። በአንጻሩ የፍሳሹ ቧንቧ ሲደፈን የሚጥለቀለቀው ምድር ቤቱ ነው። የላይኛው ሰው የታችኛውን፣ የታችኛውም የላይኛውን ችግር እንደ ራሱ ካልቈጠረ ሕንፃው ገና በወጣትነቱ ያረጃል። አንድ ነዋሪ ሳሎኑን ለማስፋት ሲል ዐምድ ወይም ተሸካሚ አካል ቢነካ፣ የሚያናጋው የሁሉንም ቤት ነው። ለመዋጮ የሚወጣው ገንዘብም ለሌላ ሰው የሚሰጥ ችሮታ አይደለም፤ የገዛ ንብረትን መጠበቂያ ነው።

ሁለተኛው ነገር የገንዘቡ ስሌት ነው። ብድር የሌላ ሰው ገንዘብ ስለ ሆነ ዋጋ አለው፤ ይህም ዋጋ ወለድ ይባላል። ለምሳሌ ያህል፣ የአንድ ቤት ዋጋ 400,000 ብር ነው እንበል። ገዢው 20 በመቶውን ማለትም 80,000 ብር ቢቈጥብ፣ የሚበደረው 320,000 ብር ይሆናል። ይህን ብድር በ10 በመቶ ዓመታዊ ወለድ፣ በ20 ዓመት ውስጥ በየወሩ እኩል እየከፈለ ለመጨረስ ቢዋዋል፣ የወር ክፍያው 3,088 ብር ገደማ ይደርሳል። በ240 ወራት ሲባዛ ጠቅላላው ከ741,000 ብር በላይ ይሆናል። በሌላ አነጋገር፣ ገዢው ከተበደረው ገንዘብ በእጥፍ የሚበልጥ ይከፍላል ማለት ነው። ብድሩ ተከፍሎ እስኪያልቅ ድረስ ቤቱ በባንኩ ዘንድ በመያዣነት ይቈያል፤ ክፍያው ከተቋረጠም ባለቤቱ ቤቱን ሊያጣ ይችላል።

ከዚህም በላይ በውል ላይ የማይጻፍ ወጪ አለ። ቤቶቹ ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ሳይጠናቀቁ ስለሚሰጡ፣ ወለሉን፣ ቀለሙን፣ የውስጥ በሩንና የወጥ ቤቱን ዕቃ የሚያሟላው ገዢው ነው። አዲሶቹ ሰፈሮች በከተማው ዳርቻ የተሠሩ በመሆናቸው ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት ለመሄድ የሚወጣው የመጓጓዣ ገንዘብና ጊዜ ቀላል አይደለም። ውሃ ወይም መብራት በሚገባ ሳይገባ ሰው የሰፈረባቸው ቦታዎችም ነበሩ። በዚህ ሁሉ ምክንያት ዕጣ ከወጣላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ቤታቸውን አከራይተው፣ በኪራዩ የባንክ ዕዳቸውን እየከፈሉ፣ ራሳቸው በሌላ ሰፈር በርካሽ ኪራይ ለመኖር ተገደዋል። ስለዚህ አስተዋይ ገዢ የቤቱን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የወሩን ገቢና ወጪ በአንድ ወረቀት ላይ አስቀምጦ ይመዝናል። ቦታውን በዐይኑ ያያል፤ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ሐኪም ቤቱና ገበያው ምን ያህል እንደሚርቁ አስቀድሞ ይጠይቃል።

ሦስተኛው ነገር አዲስ ሰፈር በባዶ መሬት ላይ የማይሠራ መሆኑ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው መሬት ጤፍና ስንዴ የሚዘራበት፣ ከብት የሚግጥበት የገበሬዎች ይዞታ ነበር። መሬቱ ለከተማ ልማት ሲፈለግ ለገበሬው ካሣ እንዲከፈል ሕጉ ያዝዛል፤ ሆኖም የካሣው ማነስና ከእርሻ ወደ ሌላ ሥራ የመሸጋገሩ ችግር ብዙ ቅሬታ አስነሥቷል። ገንዘብ በእጅ ሲያዝ ብዙ ይመስላል፤ ማሳ ግን በየዓመቱ ያበላል። ለአንዱ ቤተ ሰብ ቤት የሆነው ቦታ ለሌላው እርሻው የነበረ መሆኑን የሚያውቅ ነዋሪ፣ ሰፈሩን የሚመለከትበት ዐይን የተለየ ይሆናል።

አራተኛውና የመጨረሻው ነገር ጉርብትና ነው። ዕጣ ጎረቤት አይመርጥም። ሠላሳ ዓመት አብረው የኖሩ፣ በአንድ ዕድር የታቀፉ፣ ልጆቻቸውን በጋራ ያሳደጉ ሰዎች በዕጣ ምክንያት አንዱ በምሥራቅ፣ ሌላው በምዕራብ ዳርቻ ይበተናሉ። አንዲት እንጀራ እየጋገሩ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናት አራተኛ ፎቅ ደረሳቸው እንበል። በቀድሞው ሰፈር ጓሮ ነበራቸው፤ ጭሱ ማንንም አያስቸግርም፤ ደንበኞቻቸውም ከበራቸው አይርቁም ነበር። በአዲሱ ቤት ግን ዱቄቱንም ማገዶውንም ተሸክመው ደረጃውን መውጣት ሊኖርባቸው ነው፤ ደንበኛም ገና አላፈሩም። ቤት ያገኙበት ቀን፣ ከሥራቸውና ከወዳጆቻቸው የተለዩበት ቀን ሆነ።

የሰፈሮቹ ነዳፊዎች ይህን ጨርሰው አልዘነጉትም። በየሕንፃዎቹ መካከል እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ለበዓልም በግ የሚታረድበት የጋራ ቤት እንዲሠራ አድርገዋል። ነገር ግን ይህ ቤት የሚያገለግለው ነዋሪዎቹ ተራ ሲያወጡለት፣ ሲያጸዱትና ሲጠብቁት ነው። ያለዚያ ወይ ተቈልፎ ይቀመጣል፣ ወይ ለሌላ ጥቅም ይውላል። የጋራውን ቤት በሥርዐት በያዘ ግቢ እኒያ እናት ምጣዳቸውን ጥደው ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ ባልያዘው ግቢ ግን ከሥራቸው ይቦዝናሉ። የአንድ ቤተ ሰብ እንጀራ በጎረቤቶች መስማማት ላይ ሊንጠለጠል የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ደግነቱ የአገሩ ሰው ይህን ዐይነቱን መስማማት ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ዕድር ያቋቋመ፣ ዕቁብ የጣለ፣ ለበዓል ቅርጫ የገባ ሕዝብ ገንዘብ ማዋጣትና ተራ መጠበቅ አዲስ ነገር አይሆንበትም። በብዙ የጋራ መኖሪያ ሰፈሮች ነዋሪዎቹ እንደ ገቡ አዲስ ዕድር መሥርተዋል፤ ድንኳንና ወንበር ገዝተዋል፤ ጥበቃ ቀጥረዋል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው ብሂል ከአጥር ለአጥር ኑሮ ይልቅ ለግድግዳ ለግድግዳ ኑሮ የበለጠ ይሠራል። ሕጉ የሚያዝዘው የባለቤቶች ማኅበርም በዚህ ልማድ ላይ ሲመሠረት በወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ መሐንዲስ መንገድንና ግድግዳን፣ ባንክ ብድርን፣ ሕግም ባለቤትነትን ሊሰጥ እንደሚችል ነው። በፕላን በተሠራ ሰፈር ግን ሰው ከሁሉ በኋላ ስለሚመጣ፣ ሰፈሩን ሰፈር የማድረጉ ሥራ ለእርሱ የተተወ ነው። ቍልፉን የተቀበለ ሰው የገዛውን ግማሽ በሩን ከፍቶ ያገኘዋል። የቀረውን ግማሽ የሚያገኘው ከበሩ ውጭ፣ በደረጃው ላይ፣ ከማያውቀው ጎረቤቱ ጋር ሰላምታ በተለዋወጠ ጊዜ ነው።